የጨርቅ ሁሉቃ

የካቲት 29

ዛሬም ኮሌታ። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ልንወጣ ስንል የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ሙሉጌታ አስጠሩኝ። ምን አጠፋሁ? 

ለካ ስለ አባቴ ነው።

"ሩሀማ፣ አባትሽ አያንቶ ናቸው አሉ። ኮከብ አይተው የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ የፍቼን ቀን የሚለዩት?"

"አዎ... ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው።"

"መጋቢት 6 የሸሚዝ ገዢዎች ከውጭ ይመጣሉ። ባህላችሁን እናክብር ብለን እዚሁ ግቢ ፍቼን እናዘጋጃለን። አባትሽ መጥተው ይመርቁልን።"

ፍቼ እኮ በገዢ ፕሮግራም አይመጣም! ቀኑ ገና አልተነገረም። ለምን አልነገርኳቸውም? እሺ ብዬ ወጣሁ።

መጋቢት 2

አብራኝ የምትኖረው ኢያኤል "እምቢ በያቸው" ትላለች። ለአፍ ቀላል ነው። ባለፈው ወር እምቢ ያለችው ቅድስት የት አለች? የሥራ ባጇን በር ላይ ተቀበሏት፣ በቃ። ወንድሜን ፊልሞንን የማስተምረው እኔ ነኝ...

አባቴ ጋ ደወልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። የአቶ ሙሉጌታን ነገር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣

"አንቺ ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ።"

"እመጣለሁ።"

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 6

ዛሬ ገዢዎቹ መጡ።

ሁሉቃ ሠርተዋል። እኛ ቤት ሁሉቃ እርጥብ እንጨት ጎንበስ ተደርጎ ታስሮ የሚሠራ መሹለኪያ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከሥሩ አልፎ አሮጌውን ዓመት ከኋላው ይተዋል። የእነሱ የቧንቧ ብረት ነው፣ አረንጓዴ ጨርቅ የተጠመጠመበት። እኛው ከሰፋነው የተረፈ ቁርጥራጭ!

አባቴ መጡ። ብረቱን ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ በቋንቋችን በሲዳሙ አፎ ተናገሩ። እኔ ወደ አማርኛ፣ አቶ ሙሉጌታ ወደ እንግሊዝኛ እንድንመልስ ነው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ አባቴ። "ግን ቀኑ ዛሬ አይደለም። በቀኑ ኑና አብረን እንለፍ።"

አቶ ሙሉጌታ አፈጠጡብኝ። ገዢዎቹ ስልካቸውን ደግነዋል። 

"መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ ይላሉ" አልኩ።

ተጨበጨበ። ሁሉም እየሳቁ በብረቱ ሥር አለፉ። አባቴ አላለፉም። አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ እኮ... ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ምን አደረግሁ?

መጋቢት 9

አባቴ ስልክ አያነሱም።

መጋቢት 12

ቀኑ ተነገረ። መጋቢት 18 ሲመሽ ሁሉቃ ይታለፋል፣ በማግስቱ ሰው ሁሉ በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ይወጣል።

ፈቃድ ጠየቅሁ። አቶ ሙሉጌታ ሳቁ። "ፍቼን አከበርን እኮ!"

የተጣላ ሰው ሳይታረቅ በሁሉቃ አያልፍም። እኔስ? እነ አባቴ ያለ እኔ ቢያልፉስ? እነሱ አዲሱ ዓመት ውስጥ፣ እኔ አሮጌው ውስጥ ብቻዬን... ከባጁ ይልቅ ይህን እፈራለሁ። ውሸቴን ነው፣ ባጁንም እፈራለሁ።

መጋቢት 18

ባጅ የለኝም። ፈርቻለሁ። ግን ይህን የምጽፈው አባቴ ቤት ሆኜ ነው።

የከሰዓት ተረኛ ነበርኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽኑን አጠፋሁ። "ወዴት ነው?" አለች ሱፐርቫይዘሯ።

"አባቴ ጋ።"

"ከወጣሽ እንዳትመለሺ!"

ጥበቃው ሳይጠይቀኝ ባጄን ሰጠሁት። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ ሰዓት ሰዓቱን አያለሁ... አልፈው ይሆን? መሸ እኮ። አልፈዋል። በቃ፣ አልፈዋል።

ደጃፍ ስደርስ እናቴም ፊልሞንም ገና ሳያልፉ ከሁሉቃው ወዲህ ቆመዋል። ካለፍን በኋላ የምንበላው የቆጮ ምግብ፣ ቡሪሳሜው፣ ቅቤው ረግቷል። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። "ይቅር ይበሉኝ።"

"የዚያን ቀን ምን ብዬ ነበር?"

ቃላቸውን በአማርኛ መለስኩት፣ ሁሉም እየሰሙ። "እንኳን ደህና መጣችሁ። ግን ቀኑ ዛሬ አይደለም። በቀኑ ኑና አብረን እንለፍ።"

"እንግዲህ" አሉ አባቴ፣ እጄን ይዘው እየተነሡ፣ "ቀኑ ዛሬ ነው።"