«ሲረፋፍድ ይለቃል» ያልኩሽ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጅሽስ? ባልሽስ፣ ያ ሳሉ ተወው? ናፍቆቴ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔማ «ደህና ነኝ» ብዬ አልዋሽሽም። ይህችን ደብዳቤ ከጀመርኳት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ሁለት መስመር ጽፌ አርፋለሁ።

ስፌት አቁሜያለሁ። አዎ፣ እኔ! ለካ ስንት ዓመት ሙሉ የእጄን ሕመም ስደብቅ ኖሬያለሁ። የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቀለልኩ፤ ቁልፍ መትከሉን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬያቸው እቀመጥ ነበር፣ ሱቁንም በአራት ሰዓት መክፈት ጀመርኩ። ሰፈርተኛው ኩራት መስሎት «ወይዘሮ አራት ሰዓት» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በመጨረሻ መርፌ መያዝ ሲያቅተኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ ገና ጠዋት ጠዋት መተሳሰርና ማበጥ ሲጀምር መጥተው ቢሆን በመድኃኒት እንይዘው ነበር፣ አንዴ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም አለችኝ። ለቀረው መድኃኒት ሰጠችኝ፤ በእግርዎ ይሂዱ፣ ክብደትዎንም ይቀንሱ ተባልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቢሆንም መድኃኒቱን እውጣለሁ፣ በእግሬም እሄዳለሁ።

ከቤተሰብ ይሄ ያለበት ሰው አለ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ዋሸኋት።

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔ ጋ መጥተሽ ያደርሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጠዋት ጣቶችሽን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። የሰው ፀጉር ስሠራ ማበጠሪያው ከእጄ ይወድቃል፣ ሐኪም ጋ ልሂድ ወይ አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? ሥራ ያመጣው ነው፣ ሲረፋፍድ ይለቃል፣ አታካብጂ። ይህን ስልሽ የራሴን እጅ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ያንቺ በሽታ ነው ካልኩ የኔም በሽታ ሊሆን ነዋ! ለእንጀራዬ ፈራሁ። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ እኔ ያልኩሽን ታምኛለሽ። ቅጣቱ ለኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት?

በሞቴ፣ ይህ እንደደረሰሽ ሂጂ። ነገ አትበይ። ደምሽን ይመርምሩት፣ የቀረውን እንኳ ያትርፉልሽ።

ያለፈው ወር ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ቃሉ ያንቺ ነው፣ ቀልዱም ያንቺው። ጽሕፈቱ ግን የልጅሽ ነው። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ።

ያችን ልጅ ፈጣሪ ከነጣቶቿ ያሳድግልን። እሷ እንኳ ምክር ስትፈልግ እኔን አትጠይቅ።

ያመንሽኝ ታላቅ እህትሽ