መርዶሽን ኬሚስትሪ ክፍል ሰማሁ

እማዬ፣

ከተለየሽን ሰባት ዓመት ሞላ። ተዝካርሽም ጳጉሜን ላይ ወጣ። ዳሱ ከፈረሰ ሰነበተ፣ የተዋስነው ድስትና ጋን ለየባለቤቱ ተመልሷል፣ ከገጠር የመጣው ዘመድም ወደየቤቱ ገብቷል። እህትሽ እታለማሁ ግን ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው። እናቷን ሁለቴ የገደለች ልጅ ብላኛለች አሉ። ለምን እንዲህ እንዳለች ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ደግ ደብዳቤ አይደለም። አንቺም ስትቆጪ ደግ አልነበርሽም፤ ምላሴን ከማን እንደወረስኩት ታውቂያለሽ።

ቢቸና ብታያት አታውቂያትም። በራችን ድረስ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ያ ጫማሽን የሚያስቀርብሽ ጭቃ የለም። አባዬ ዛሬም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ዓይኑ ደክሟል፣ መርፌው ላይ ክር የሚያስገባለት ሰው ከመንገድ እየጠራ ይለምናል። ጓዳው የጨርቅ ቁርጥራጭ መጣያ ሆኗል፤ ካንቺ ወዲህ እህል አልገባበትም። እኔ ደግሞ ሞጣ ኮሌጅ ገብቻለሁ፣ የጤና ላብራቶሪ ነው የምማረው። ደምና ሽንት በጠርሙስ እየተቀበልሽ ልትኖሪ ነው እንዴ ብለሽ አፍንጫሽን ስትይዢ ይታየኛል። አዎ፣ ልኖር ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ጄኔራል ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት ማለፍ ግድ ነው። ከክፍላችን ግማሹ የሚያለቅስበት ትምህርት ነው። ሞል የሚባል ነገር አለ፤ እንኳን ላስረዳሽ ለራሴም እስካሁን በወጉ አልገባኝም። ትንሽ የተሻልኩት እኩልታ ማመጣጠን ላይ ነው። በግራ በኩል የገባው ሁሉ በቀኝ በኩል ተቆጥሮ መውጣት አለበት፣ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ አንድም ነገር አይጠፋም ይላል መምህራችን። ቀጭን ወጣት ነው፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ ይመስላል፣ ኮቱ ከትከሻው እስከ ኪሱ ጠመኔ ነው።

አንድ ቀን ገብቶ፣ ከገበሬ ቤት የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ አለ። ሁሉም አወጣ። እህላችሁን ነቀዝ እንዳይበላው የምትከቱበት ክኒን ይኸውላችሁ ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ከጎኑ የመደመር ምልክት አደረገ፣ ቀጥሎ ውሃ ጻፈ። ክኒኑ ደረቅ እህል ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፣ ውሃ ካገኘው ግን ጋዙ ባንዴ ይወጣል አለን። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ የተኛ ሰው አይነሳም አለ። ይህን ካለ በኋላ አመጣጥኑት ብሎን የምሳ ሰዓት እስኪደርስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ጀመር።

እማዬ፣ ለሰው መርዶ ሲነገር እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ቤቱን ይሞላል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከጎን ይቀመጣል። ያንቺን እውነተኛ መርዶ ግን ጠመኔ የያዘ ወጣት ነገረኝ፣ ከዚያ የክፍል ሥራ አድርጎ ሰጠን። አጠገቤ የነበረችው ልጅ መልሱን ልገልብጥ ብላ ደብተሬን ስታይ ባዶ ነበር።

ሩፋኤል ነበር ያን ቀን፣ ትዝ ይልሻል? ዝናቡ ከቀትር በኋላ መጣ። ከነቀሚሴ ግቢው መሀል አቁመሽኝ አንቺም ነጠላሽን ጥለሽ ገባሽ። ፀጉርሽ ፊትሽ ላይ ተለጥፎ ስትስቂ፣ እናት ሳይሆን የሰፈር ልጅ ትመስዪ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በሳፋ ያጠራቀምሽውን ዝናብ ለበረከት ብለሽ ቡኮው ላይ አደረግሽ። የተረፈውን ይዘሽ ጓዳ ገባሽና ስንዴው ላይ ረጨሽው፣ የከፈትሽውን ማዳበሪያ ሁሉ አፍ አፉን። ጠዋት ደግሞ እዚያው ስንዴ ውስጥ የነቀዙን ክኒን ከተሽ ነበር።

ስንት ጊዜ ተናድጄብሻለሁ መሰለሽ! ነቀዝ የጀመረውን ስንዴ ለዶሮ መስጠት ሞት የሚመስልሽ ሴት ነበርሽ። መድኃኒቱንም መልአኩንም ብቻቸውን አላመንሻቸውም፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አዘዝሻቸው። ታዘዙልሽ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ቤት ገብተሽ ጠላ ቀመስሽ። በዓል ነው፣ ሁሉም ቀምሷል። ስትመለሺ አባዬ ሞቅ ብሎት ጠበቀሽ፤ በምን እንደተጣላችሁ ዛሬም አላውቅም፣ ከፊቴ ጥፊ፣ አልይሽ ብሎ ሲጮህብሽ ግን ሰምቻለሁ። ሰሌንሽን ይዘሽ ጓዳ ገባሽ፣ በሩን ዘጋሽ፣ ከስንዴው ሥር መሬት ላይ ተኛሽ። ጠዋት አባዬ ሲከፍተው ከኋላው ነበርኩ። ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ማታ ስትወቅጪ አምሽተሽ ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሰው ሳይሰበሰብ አባዬ ወደ ጓሮ ደርሶ መጣ። ከዚያ ጮኸ፣ የሺ ናት በጠላዋ መርዝ ያጠጣቻት አለ። ከዚያ በኋላ በእትዬ የሺ ላይ የሆነውን ከላይ ሆነሽ አይተሽው ከሆነ ዝም በማለትሽ ታዝቤሻለሁ። ጋኗን እየገለበጡ ጠላዋን ደጅ ላይ አፈሰሱት። ከእድር አስወጧት። ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ሸፍነው ይጠብቁ ነበር። ፖሊስ ጠይቆ ምንም ስላላገኘ ለቀቃት፤ ሰው ግን አልለቀቃትም። ቤቷን ጥላ ወደ ሞጣ ሄደች። አንቺ ደግሞ በክብር ፍትሐት ተደረገልሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ጥሩ ጥላ ያለው ቦታ ተቀበርሽ።

ያ እኩልታ ፈተና ላይም መጣ። አመጣጠንኩት፣ ሙሉ ማርክ አገኘሁበት። ትምህርቱን ያለፍኩት ለጥቂት ስለነበር ያለዚያ ጥያቄ እወድቅ ነበር። ባንቺ ሞት ነው ያለፍኩት።

ለፋሲካ ቤት ስመጣ ለአባዬ ነገርኩት። የስፌት መኪናውን አቆመ። እና አልዋጠችውም? አለኝ። አልዋጠችውም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሞ መለስኩለት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለካ ያን ጠዋት ከስንዴው አጠገብ ባዶውን የክኒን ብልቃጥ አይቶ፣ እሱ በተናገረሽ ቃል ተናደሽ ራስሽን ያጠፋሽ መስሎታል። ብልቃጡን ሽንት ቤት የጣለው ሰው እንዳያይ ነው። ራሷን ያጠፋች ሴት ፍትሐት የላትም፣ አጥሩ ውስጥም አትቀበርም። ስለዚህ አንቺን አጥሩ ውስጥ ለማስገባት ሌላዋን ሴት ከአገር ማስወጣት ነበረበት። ይህን ሁሉ ዓመት የሚጎትተው ነገር ይህ ነበር።

ያናደደኝ ማልቀሱ አይደለም፣ ደስታው ነው። ሚስቱ ሳትጠላው እንደሞተች ሲያውቅ ፊቱ በራ፣ ያን ቀን ምሳውን ጠርጎ በላ። እትዬ የሺስ ስለው እግሩን መልሶ መኪናው ላይ አደረገና መስፋት ቀጠለ። ደግሜ ስጠይቀው ስፌቱን አፈጠነው።

ሞጣ ስመለስ ፈልጌ አገኘኋት። ገበያው ጫፍ ላይ ጌሾ ትሸጣለች። ጠላ እንዳትጠምቅ ወሬው ከቢቸና በሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ጠላቸው ለሚጠጣላቸው ሴቶች ጌሾ ታቀርባለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስታውቅ ፊቷ አልተለወጠም። ክኒኑን፣ ውሃውን፣ ጋዙን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ጌሾዋን እያበጠረች ሰማችኝና፣ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ እንዳልገደልኳት እኔማ አውቃለሁ፣ ጠላዬን ለደፉት ንገሪያቸው አለችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ተቀምጬ ላለቅስላት ነበር የሄድኩት፤ ልቅሶዬንም አልገዛችኝም።

ተዝካርሽ ላይ ለሰው እናገራለሁ ስለው፣ ቀኑ እስኪደርስ አባዬ ተይው እያለ ለመነኝ። ክኒን የሚለውን ነገር አንዴ ካነሳሽው ሌላውን አይሰሙሽም፣ ራሷን አጠፋች ነው የሚሉት፣ ለእናትሽ እዘኚላት አለኝ። በዚህስ ልክ ነበረ። ሁሉንም አውቄ ነው የተናገርኩት። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሰው ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ቆምኩና እንደ መምህራችን አድርጌ አስረዳሁ።  እትዬ የሺ እናቴን አልገደለቻትም ብዬ ጨረስኩ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀና አሉና፣ ታዲያ ልጄ፣ የመልአኩ ጠበል ነው የገደላት ልትይን ነው? አሉኝ። ጠበሉ አይደለም አባቴ፣ ክኒኑ ነው፣ ለክኒኑ ውሃ ሁሉ ውሃ ነው አልኳቸው። አጉረመረሙ። እታለማሁ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሩፋኤልን ዝናብ ወይ አንቺን መክሰስ ነበረበት። ዝናቡን መክሰስ አልቻሉም። ምግቡ ሳያልቅ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች፣ ለካስ ራሷን አጥፍታ ኖሯል ይባባሉ ነበር።

አሁን ስምሽ ሲነሳ ነፍሷን ይማር የሚለው ሰው ቀንሷል። ለማርያም ማኅበርሽ ጽዋ ስትወስድ የነበረችው ወዳጅሽ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። አጥንትሽን እናውጣ ያለ ግን የለም፤ ያን ያህልም አልጨከኑም። ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ግን ሞጣ ድረስ ሄደው እትዬ የሺን ይቅርታ ጠይቀዋል። ፀሐይ ላይ አቁማ አቆየቻቸው። ይቅር ብያለሁም አላለች፣ አላልኩምም አላለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጌሾዋን ጭና ቢቸና ገበያ ወጥታ ነበር አሉ። የሚሸሻት አልነበረም፣ ጌሾውም እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ።

እማዬ፣ ትናፍቂኛለሽ። የሚያቃጥል፣ አንዳንዴ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶዬን የሚያስጥል ናፍቆት ነው። በስምሽ ላይ የጣልኩትን ነገር አላስተባብልም። ግን ቃል እገባልሻለሁ፦ ስምሽ ሲነሳ ሰው ዝም በሚልበት ቦታ ሁሉ እኔ ዝም አልልም። ራሷን አላጠፋችም፣ እህሏን ልታድን ስትል ነው የሞተችው እላለሁ፣ ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም። በሕይወት እስካለሁ አንድ ሰው እውነቱን ይዞ ያስታውስሻል። ይበቃሻል አልልም።

ዳግመኛ ምረጪ ቢሉኝ ግን ያንኑ ነው የምመርጠው። አንቺ ከእንግዲህ ስም አያስፈልግሽም፤ እትዬ የሺ ግን ነገም ሰው መሀል ትወጣለች።

ልጅሽ