ጭራቁ ወደ ቤቱ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?

ለወንድሜ ለኢያሱ፤

እንደምን ከርመሃል? ጆሃንስበርግ አሁን ብርድ ነው ይላሉ፤ ደረትህን እንዴት ያደርግሃል? ሱቁስ? እንቅልፍህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቷም ቢሆን ክረምቱ ሲወጣ ይሻላታል።

በስልክ ስንገናኝ “ደህና ነን፣ ደህና ነኝ” ስንባባል ካርድ ያልቅብናል። ስለዚህ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ወደ እናንተ አገር ስለሚመጣ ይህን በእጁ ሰደድኩልህ። እንዳትስቅብኝ እንጂ ግራ ያጋባኝ ፊልም ነው።

ጋሽ ጣሰው ቪዲዮ ቤታቸውን ዘግተው አሁን እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናሉ፤ ፍላሽም ይሞላሉ። በቀደም ከቢሮ ስመለስ ጠርተውኝ፣ ወንድምሽ እየተረጎመ ያስለቀሰን ፊልም ተገኘ፣ አሁንማ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ አለው ብለው ከሌሎች የድሮ ፊልሞች ጋር ጫኑልኝ። ፀጉራሙ ጭራቅ ያለበትን ማለታቸው ነው።

አንተ ያኔ በጋሽ ጣሰው ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመህ ለእኛ በአማርኛ፣ ገበያ ውለው ለሚገቡት እናቶች በከፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ስትተረጉም ያላወቅከው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ እንግሊዝኛህ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ኖሯል! በአንዱ ፊልም ባለ ሰይፉን ጀግና “የሺሺንዳ መኪና አምልጦት ነው በእግሩ የሚሄደው” ስትል ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ይደርስ ነበር። በሌላው ነጭ የለበሰችው መንፈስ ደግሞ ማበጠሪያዋ ጠፍቷት ነው የምትዞረው ብለኸን፣ እኔ ሞኟ ማበጠሪያዬን ትራስ ሥር ደብቄ እተኛ ነበር። አሁን ጽሑፉን ሳነብ ሴትዮዋ የምትዞረው በውርስ ክርክር ነው። የውርስ ክርክርማ እዚህም ፍርድ ቤቱን ሞልቶታል፤ ምኑ ያስፈራል? በዚህ በዚህ ያንተ ይሻላል።

ጭራቁ ግን ሌላ ነው። የጭምብሉ ጠርዝ አንገቱ ላይ ይታያል፤ ፀጉሩም የበግ ለምድ ነው የሚመስለው። በኮምፒውተር የሚሠሩትን የዛሬዎቹን አይቻለሁ፤ ፀጉራቸው አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳቸውም ግን አላሳዘኑኝም። የዚህኛው ዓይኑ ብቻ ነው የሰው፤ እሱን ሳይ ሆዴ ይባባል። ታስታውስ እንደሆነ፣ አንድ ልጅ የተከለከለ ዛፍ ቆርጦ ይረገምና ጭራቅ ሆኖ ፀጉር አብቅሎ ጫካ ይቀራል። የመንደሩ ሰው በችቦ አሳዶ ከገደል ወደ ወንዙ ይጥለዋል። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት በር ከፍታ ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች። አንተ “ውሃው እርግማኑን አጠበለት፤ ልጇ ሰው ሆኖ መጣ፤ የደስታ ልቅሶ ነው” አልከን። አንተን ገርፋ ልትወስድ ልምጭ ይዛ የመጣችው እማዬ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ቀርታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ጽሑፉ እንዲህ አይልም። በሩ ላይ የቆሙት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ የልጇን ሞት ሊያረዷት ነው የመጡት።

ኢያሱ፣ በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ ባንተ ይሁን በፊልሙ። እውነቱን ለመናገር የእነሱ አጨራረስ የበሰለ ነው፤ ከጭራቁ ይልቅ ሰዎቹን እንድፈራ አድርጎኛል። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስወድ የኖርኩት የትኛውን ነው? የሌለ ፊልም ነው የወደድኩት? አስቤ አስቤ አንዱም አልያዝልህ አለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እማዬ “እስቲ ያን የኢያሱን ፊልም ክፈቺልኝ” አለች። ማንበብ ስለማትችል እኔ ነበርኩ የምነግራት። አሮጊቷ በሩን ስትከፍት ጽሑፉን ማንበብ ተውኩ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ የእኛም በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ እንዴት እንደምትነሳ አውቃለሁና። በመጨረሻ ያንተኑ ደገምኩላት፤ ልጇ መጣ አልኳት። እማዬም “ተይኝ ልጄ፤ የመርዶ ልቅሶና የደስታ ልቅሶ ለእናት ይጠፋታል? ያን ቀንም አውቄው ነበር። ኢያሱ አዝኖልን ነው ልጇን የመለሰው” አለችኝ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አስጠፋችኝ።

እኔም ፈራሁ። በየዓመቱ “ለገና እመጣለሁ” ስትላት እኔ አምንህ ነበር፤ እሷ “እሺ” ብላ ስልኩን ትመልስልኛለች። ይህም እንደዚያ አዝነህልን የምትለው ይሆን? ትመጣ እንደሆነ ትመጣለህ፣ ካልሆነም ቁርጡን ንገረኝ። ለእማዬ ምን እንደምላት ጠፍቶኛል።

አጎታችን ወልደ ጊዮርጊስ ከማንኪራ መጥተው ነበር፤ የማር ድርሻህ ተቀምጦልሃል፣ ሰላም ብለውሃል። ልጄ ሠናይት ፎቶህን እየሳመች አጎቴ ትልሃለች። ጋሽ ጣሰውና እትዬ ብርቄ እጅግ አድርገው ናፍቀውሃል። እማዬን “ምን ልበልልሽ?” ብላት፣ “ያን ጭራቅ ከወንዝ አውጥቶ ለእናቱ የመለሰ ልጅ፣ ራሱን ለእኔ መመለስ እንዴት አቃተው በይልኝ” ብላሃለች።

እህትህ አብርሆት
ቦንጋ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.