ጥቁር ያለበስኳቸው ሰደሪያዎች

አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዘአማኑኤል፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። ታጁ ለሱቁ ሽንኩርትና ቲማቲም ሊጭን ባቱ በወረደ ቁጥር አንተን አይቶ ይመለሳል። ከሐይቁ ዳር ከአሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጠህ የሰው መረብ እንደምትጠግን፣ እንደከሳህና ጢምህን እንደለቀቅህ ነግሮኛል። ጢምህን ተላጭ። ሌላውን ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በሽመና ማሽን ጩኸት መካከል የጨርቅ ጥራት ስትቆጣጠር የኖረች ሴት ስልክ ስታነሳ እንደምትጮህ ታውቃለህ። አንተም እኔ ስጮህ ትስቃለህ፤ ከዚያ ነገሩ ይቀራል። ይህ ነገር እንዲቀር አልፈልግም።

ያንን ቀን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሆኖም ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ካልጻፍኩት አንድ ቦታ እዘላለሁ፤ የምዘለውም የራሴን ጥፋት ይሆናል።

በኅዳር የእድርተኛችን የአደሴ እናት ከግድቡ ማዶ ሲያርፉ እድራችን ለሠልስቱ በአንተ ጀልባ ሊሻገር ተስማማ። በመኪና ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በጀልባ ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ከእኛ ግቢ ተሰብስበን ሳለ አንተ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመህ መጣህና አንዱን የሕይወት አድን ሰደሪያ አውጥተህ ዘረጋኸው። ብርቱካናማው ዓይን ይወጋ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አሻግሬ ከዘራቸውን አነሡ። «አንተ ዘአማኑኤል! ይህንን ለብሰን ነው ሐዘን ቤት የምንገባው?»

«ማዶ ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ ጋሼ።»

«ማዶማ ሐዘንተኛው ውሃው ዳር ቆሞ ነው የሚቀበለን። ከሩቅ እንዲህ ነድደን ሲያየን ሰርገኛ መጣ ነው የሚለው።»

የታጁ ሚስት ሐጀራ ሳቋን በመዳፏ ይዛ፣ «ኧረ እኔስ ሱቅ ውስጥ የደረደርኩት ፋንታ ነው የምመስለው» አለች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተንከተከቱ። አንተ ግን አልሳቅህም። «ሕግ ነው። ሁሉም ለብሶ፣ ማሰሪያውን ቆልፎ ካላየሁ ገመድ አልፈታም» አልክ። እነርሱም አንለብስም አሉ። የአደሴን ሐዘን ሳንደርስ ልንቀር ሆነ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ፣ «ለእኔ ተዉት፤ ለሠልስቱ አደርሰዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጡረታ ስወጣ ከፋብሪካው የተሰጠኝን ጥቁር ፖፕሊን አውጥቼ ለአሥራ ሁለቱም ሰደሪያዎች ልባስ ሰፋሁላቸው። እንደ ትራስ ልብስ የሚጠለቅ እንዳይመስልህ፤ ትከሻውን፣ የአንገቱን ዙሪያ ለክቼ፣ በእጄ በመርፌ ዘጋሁት። ደረቱ ላይ በክር የተንጠለጠለችው ፊሽካ ቅርጹን ስላበላሸችብኝ ከልባሱ ሥር አስገባኋት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያምር ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ልጽፈው ይገባል።

ልትወስዳቸው ስትመጣ አንዱን ገልብጠህ አየኸው።

«እታለም፣ ሕጉ ቀለሙ እንዳይሸፈን ይላል መሰለኝ።»

«መሰለኝ ነው ወይስ ይላል?»

«ይላል።»

«ታዲያ ሕጉ ለቅሶ አያውቅም?»

ሳቅህና የራስህን ለበስከው። «ልክክ ብሏል» አልክ። ዘአማኑኤል፣ በዚያች ቅጽበት እንቢ ማለት ነበረብህ። ግን ማን እንቢ ማለትን አስተማረህ? እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመትህ ነበር። ከአባታችን የባቡር ጣቢያ ካፖርት ቆርጬ የሰፋሁልህን ሱሪ ዓመት ሙሉ ለብሰህ፣ ጭንህ በሱፉ ተልጦ ሳለ አንድ ቀን ያሳክከኛል አላልከኝም። ቁስሉን ያየሁት ሳጥብህ ነው። ያን ጊዜም «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩብህ እንጂ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

እኔ ውሃ ስለምፈራ ዳር ቆሜ ሸኘኋችሁ። አሥራ አንድ ለቀስተኛና አንተ፣ ሁላችሁም ጥቁር በጥቁር፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ስትርቁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

ሞተሩን እምቦጭ አረሙ ሲይዘው አየሁ። ጀልባዋ ዞረች፤ ሴቶቹ በድንጋጤ ተነሥተው ወደ አንድ ወገን ሲሸሹ ተገለበጠች። የአሣ አጥማጆቹ ጀልባና የግድቡ የጀልባ ተቆጣጣሪ የጃለታ ጀልባ ፈጥነው ደረሱ። አሥሩ የጀልባዋን ሆድ ይዘው ተገኙ። ሐጀራ ግን የለችም። ነፋሱ እምቦጩን ሲገፋው እርሷንም ከመካከሉ አድርጎ ወስዷታል። አንተ በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ቆመህ ስሟን ስትጣራ ድምፅህ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰደሪያው ሥራውን አልተወም፤ አላሰጠማትም። ግን በዚያ አረንጓዴ መካከል ጥቁሩ ሁሉ ጥላ ነው፤ ጥቁር ሰው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? ሃያ ደቂቃ። እኔ ሰዓት አየሁ፤ የፋብሪካ ልማድ ነው። ሃያ ደቂቃ ፈለጋችኋት።

ያወጧት ቀይ ነገር አይተው ነው። ከጥቁር ሻርፗ ሥር ቀይ ሻሽ አስራ ኖሮ፣ እርሱን ፈትታ በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ከዚያ ጃለታ ሰደሪያዎቹን ከነልባሳቸው አንድ በአንድ አውልቆ መሬት ላይ ደረደራቸው። «ማነው የሸፈናቸው?» አለ። አንተ እየተንቀጠቀጥክ፣ «እኔ ነኝ» አልክ። እኔ ነጠላዬን ትከሻህ ላይ ላለብስህ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ፈርቼ አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ፈርቼ ነው። አንድ ክር ስለጎደለ ጥቅል ጨርቅ ስትመልስ የኖረች አቻምየለሽ ሰው ልትገድል ነበር እንዳይባል ፈርቼ ነው። ፈቃድህን ነጠቁህ። ከሦስት ቀን በኋላ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ባቱ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብለህ፣ «ስፌቱማ ጥሩ ነበር እታለም» አልከኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐጀራ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። ልጠይቃት ስሄድ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

«እትዬ አቻም፣ ‹ለቅሶ ቀይ አይታሰርም፣ ፍቺው› ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሰምቼዎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚበሉት የእኔን ንፍሮ ነበር።»

እርሷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። እጇን ይዤ ልባሱን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ልናገር ስጀምር፣ «ውይ፣ እርሱን ማን አጣው!» አለችኝ። «እንደዚያ አድርጎ የሚሰፋ ሌላ ማን አለ በዚህ ሰፈር? እኔ ዝም ያልኩት እርስዎ እስኪናገሩ ነው።»

እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ሕጉ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር በአንተ ስም ደብዳቤ መጣ። ፖስታህን ከፈትኩት፤ ይህንንም መዝግብብኝ። «ሆን ብሎ የደኅንነት ቀለምን በመሸፈን» ፈቃድህ ለዘለቄታው እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል ይላል። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጀልባ መሪ ከያዝክ ወዲህ ነው እኮ አንተ ሰው ፊት ቀና ብለህ መሄድ የጀመርከው። ጭነት መኪና ስትነዳ እንደዚያ አልነበርክም።

በማግሥቱ ግድቡ ዳር ወዳለው የኮንቴይነር ቢሮ ሄድኩ። ጃለታ ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ። ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ወንድምዎን ለማዳን ነው የሚሉት። ይገባኛል። እኔም እህት አለችኝ።»

«ውሸታም እያልከኝ ነው?»

«አላልኩም እማማ! ግን ማስረጃ…»

«ልባሶቹ የት አሉ?»

ከካርቶን አወጣቸው። ከነጠላዬ ጥለት ላይ መርፌዬን ነቀልኩ፤ ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ስቤ መስፋት ጀመርኩ።

«እማማ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ዝም ብለህ ቁጠር። በአንድ ጣት ስፋት ስንት ጊዜ ተወግቷል?»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «ሰባት።»

«የልባሱንስ?»

ቆጠረ። ሌላውንም አነሣና ቆጠረ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ፊቱ ተለወጠ። «ሁሉም ሰባት ነው» አለ። «ጋሼ ዘአማኑኤል ግን የእኔን የተቀደደ ባንዲራ አንዴ ሰፍተውልኝ…» ንግግሩን አልጨረሰም፤ ሳቁ መጣበት። የአንተን ስፌት አይቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የተናገረውን ግን ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፤ ትክክል ነውና። «ቢሆንም እማማ፣ የሰፋው ማንም ይሁን፣ ገመድ የፈቱት እርሳቸው ናቸው። መሪ የያዘ ሰው ጀልባው ላይ ላለው ሁሉ ተጠያቂ ነው። ያውቁም ነበር።»

«ለእኔስ ምን ቅጣት አለህ?»

መመሪያውን ገለጠ። «ለእርስዎ አንቀጽ የለኝም።»

«ደካማ ሕግ ነው» አልኩት።

ቃሌን ግን ጻፈ፤ አስፈረመኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔው ወጣ፤ ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። «ሆን ብሎ» የሚለው ተነሥቶ በቸልተኝነት ተተክቷል። ፈቃድህ አልተሰረዘም። የታገድክበት ስድስት ወር ሲያልቅ፣ ግንቦት 14 ቀን፣ ለፈተና ትቀርባለህ። ካለፍክ ትነዳለህ። መመሪያውን ከጃለታ ተቀብዬ በእጄ ገልብጬልሃለሁ፤ እርሱም እዚሁ አለ። ሰደሪያን የሚመለከተውን ክፍል በቃልህ ያዝ። እኔ ይዤዋለሁ።

እድሩም ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ አሻግሬ፣ «ከእንግዲህ ውሃ የሚሻገር ለቀስተኛ ብርቱካናማውን ይልበስ የሚል ይጻፍ» ሲሉ አንዱ «ሟች አይቀየምም?» አለ። ሐጀራ ከኋላ ተነሥታ፣ «ሟች ጓደኛ አይፈልግም!» አለች። ተጻፈ።

በትምህርት ቤት የስፌት አስተማሪያችን ያበላሸነውን ሥራ በመቀስ እንድንቆርጥ አትፈቅድልንም ነበር። መርፌው በሄደበት መንገድ ተመልሰን ስፌት በስፌት እንድንተረትረው ታዝዘን ነበር፤ በክፍሉ ፊት ቆመን። ሰውነቴ በእፍረት ይቃጠል ነበር። ያ ትምህርት ለጨርቅ ብቻ መስሎኝ እስከ ሰባ አራት ዓመቴ ኖርኩ። ጃለታ ሰደሪያዎቹን ከነልባሳቸው በፊርማ ከመለሰልኝ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ እየተረተርኩ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ የሚለውን ቃል ለአንተ ተናግሬው አላውቅም። ለሱሪውም፣ ለሰደሪያውም፣ ሰው እያየህ «እኔ ነኝ» ስትል ዝም ላልኩበትም፣ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ።

ግንቦት ስትመጣ ለመጀመሪያው ጉዞህ ተሳፋሪ አትፈልግ። እኔ አለሁ። ከአንተ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ ብርቱካናማውን ለብሼ፣ ፊሽካዋን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ። ውሃውን አሁንም እፈራለሁ። ማሰሪያዬን በትክክል መቆለፌን አንተ ታየዋለህ፤ ካልተቆለፈ ገመድ እንዳትፈታ። ብቆጣህም እንዳትፈታ።

አሥራ አንዱን ተርትሬ ጨርሻለሁ። የአንተን ግን አልነካሁትም። ታጁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይሰጥሃል። አንተ ተርትረው። ዕድሜህን ሁሉ የሰፋሁልህን ዝም ብለህ ለብሰሃል፤ አንዱን እንኳ በእጅህ ፍታው። ከአንገቱ ጀምር፤ ቋጠሮው እዚያ ነው።

ከእንግዲህ ዳር ቆማ የማትሸኝህ እህትህ፣
አቻምየለሽ