የጎማው መለኪያ ክር

ይድረስ ለሰይድ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን አላህ ያውቃል። ከተለያየን ዘጠነኛ ወሩ ገባ። በሕይወት ሳለህ አንቱ እልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁና አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ፊደሉን ያስቆጠርከኝ ራስህ ነህ፤ እንግዲህ የመጣብህን ቻለው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ፍየሏ ሁለት ወልዳለች። ከግቢያችን ዛፍ ሥር የመኪና ዘይት ያፈሰስክበት መሬት እስካሁን ሣር አላበቀለም። እናትህ በየቀኑ እየመጣች እዚያ ጥቁር መሬት አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ አብሬያት አላለቅስም። ጎረቤት ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው ይላል አሉ። ይበል።

ድሬዳዋ ተምረህ የመጣኸውን ሙያ መጀመሪያ እኔም ወድጄልህ ነበር። ጣሊያን መንገዱን ሲያሳልፍ ግን የተሰበረ ካሚዮኑን ሁሉ እየጎተተ ግቢያችን ይደረድር ጀመር። አንተ ከሥር ገብተህ የተሰበረውን ባሌስትራ ታወጣለህ፤ ብረቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበህ አዲሱን ታስራለህ። ከዚያ ትጠራኛለህ። የፊት ጎማዎቹ አፍንጫቸው ምን ያህል መራራቅ እንዳለበት የምትለካው እኔ በፈተልኩት፣ አንተ ልኩ ላይ በቋጠርከው ክር ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ ግራው ጎማ ላይ እይዛለሁ፤ አንተ ቀኝ ጎማው ጋ ሆነህ መሪው የሚገፋውን ብረት እያጠበቅህ እያላላህ ቋጠሮው ልክ ጠርዙ ላይ እስኪያርፍ ትደክማለህ። ሲያርፍልህ ትስቅ ነበር። ከእጄ የወጣ መኪና ጎማ አይበላም እያልክ ለመንደሩ ሁሉ ትፎክራለህ። ያን ጊዜ ደስ ትለኝ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ወንድሜ ሁሴን ከጫካ ወጥቶ የመጣ ቀን ግን አልረሳልህም። ያኔ ትሠራው የነበረው ትልቁ ካሚዮን ማጀቴ በኩል ወታደር ሊያወርድ እንደሆነ ሰምቶ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ናቸው። የለመነህ ትንሽ ነገር ነው፤ ልኩን ሁለት ጣት ብቻ አጣምመው፣ ጎማው መንገድ ላይ ተበልቶ ይለቅ አለህ። አንተ ምን አልከው? እጄ የተበላሸ ሥራ አይሠራም! ወንድሜ ያቀረብኩለትን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። ካሚዮኑ እንደ አዲስ ሆኖ ሄደ፤ ወታደሮቹም በሰዓታቸው ደረሱ። ሁሴንን የገደሉት እዚያው ማጀቴ፣ ቤቱ በር ላይ ነው። ሙያህ እንዲህ አድርጎ ነው ቤቴ የገባው።

ከእሱ ወዲያ ሁለት ሳምንት አልቆየህም። መኪና የምታነሣበትን ክሪክ ጣሊያኖቹ ወስደውት ስለነበር እናቴ የሰጠችኝን ሙቀጫ ገልብጠህ ሁለቱን ጎማ ከሚያያይዘው ብረት ሥር ደገፍክ። የተሰነጠቀ ነው አልኩህ። በጠፍር አስሬዋለሁ አልከኝ። ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ የራሰ ጠፍር እንደሚላላ ያንተን ያህል የሚያውቅ ሰው ሮቢት ላይ አልነበረም። በራስህ እጅ ሥራ ተማምነህ ከሥር ገባህ። ሙቀጫው ተከፈለ፤ ካሚዮኑ ወረደብህ። ጀናዛህ ሲወጣ አላለቀስኩም። እንባዬን በሁሴን ላይ ጨርሼው ነበር።

አሁን የምጽፍልህ ባለፈው ወር ስለሆነው ነገር ነው። ያንኑ ማጀቴ የሄደውን ካሚዮን ባሌስትራው ተሰብሮ መልሰው አመጡት። ይዞት የመጣው ሾፌር ብረቱን ማሰር ይችላል፤ ጎማ ማስተካከል ግን አያውቅም። ሟቹ የሚለካበት ክር የታለ አለኝ። ደግሞ ወደ ማጀቴ ነው የሚሄዱት፤ የሁሴን ሚስትና ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ጓዳ ገብቼ ካንተ ቋጠሮ ሁለት ጣት ገባ አድርጌ ሌላ ቋጠሮ ቋጠርኩ። ወጥቼ እንደ ድሮው ጫፉን ያዝኩለት። ቢታወቅብኝ የሚሰቅሉኝ ከዚያው ዛፍ ላይ ነበር። እናትህ ላንቺ ፈርቶ ነው እምቢ ያለው ስትለኝ ውሸቷን ነው እል ነበር። ያን ቀን ግን ምናልባት አልኩ። ምናልባት ነው ያልኩት፤ ይቅር አላልኩህም።

ካሚዮኑ ወታደርና ስንቅ እየጫነ አጣዬ ድረስ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአምስተኛው ጉዞ ወታደሮቹ ለማጀቴ ተነሥተው ሳለ የፊት ጎማዎቹ ተግጠው ተግጠው ፈነዱ፤ ምትክ ጎማም አልነበረም። በእግር እስኪደርሱ መንደሩ ወሬው ቀድሞት ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ከእናቷ ጋር ሸሽታ የመጣችው የሁሴን ትንሿ ልጅ አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ሾፌሩ መንገዱ ክፉ ነው እያለ ይራገማል እንጂ ክሩን አልጠረጠረም። ትክክለኛውን ልክ ባታሳየኝ ኖሮ ማጣመሙን ከየት አውቀው ነበር?

በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ እየተቆጣሁም ቢሆን አደርጋለሁ። ያንተን ቋጠሮ አልፈታሁትም። ክሩን ጠቅልዬ ከሳጥኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ለእነሱ የኔን ቋጠሮ እሰጣለሁ። እነዚህ ሰዎች ከአገራችን ወጥተው በዚህ መንገድ የሚሄደው መኪና የራሳችን ሲሆን፣ ያን ቀን ባንተ ቋጠሮ እለካለሁ።

ሚስትህ ዘሃራ