በአሥራ ሰባተኛዋ ማሽን ላይ ያሰርኩት አበባ

ውድ ልጄ ኢንዱማቲ፣

ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሩዜን ራሴ እቀቅላለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ ውሃ በባልዲ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጣለሁ። የሚረዳህ ሰው ቅጠር ያለኝን የአክስትሽን ልጅ ተቆጥቼ አባርሬዋለሁ። ሳልሞት በራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች አሉብኝ። ለጎረቤቴ ለሺቫና የተናገርኩት ክፉ ቃል አለ፤ ለእናትሽ ብዬ የተሳልኩት የቤተ መቅደስ ጉዞ አለ፤ ደግሞ... መዘርዘሩን ልተወው። ብዕር ያስያዘኝ አንዱ ነው፤ እሱም ያንቺ ነው።

ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እኔ ልጻፍልህ ያለኝ ሰው ነበር፤ ይህን በሰው እጅ አላስጽፍም።

ባለፈው ማክሰኞ ፋሪዳ ቤቴ መጣች፤ ያኔ አብራሽ ትሠራ የነበረችው። አሁን ማይሱሩ ውስጥ የሆስፒታል ቀጠሮ የሚይዙ ማሽኖች ላይ አለቃ ሆናለች። ነይና አብረን እንሥራ ብትልሽ "እኔ የነካሁት ይበላሻል" አልሻት አሉ። "አባባ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምጠብቃት። ልጅዎ ድንጋይ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው እንጃ!" አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች። ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ሄደች።

ኢንዱ፣ ያበላሸሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመት ሆነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እኔ ታች አየር ማቀዝቀዣውን እጠብቃለሁ፣ አንቺ ላይ ፎቅ ፕሮግራም ትጽፊያለሽ። የኮሌጅ ምዝገባው በአርባ ማሽን ነበር የሚሠራው፤ ያንቺ ፕሮግራም ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ተማሪ ያከፋፍላል። "አፓ፣ እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ቁጠረው። ሰው ሁሉ አንድ ገበታ ላይ እንዳይከመር፣ ቶሎ ወደሚያስተናግደው ገበታ ይልካል" ብለሽ አስረዳሽኝ። "አንዷ ብትታመምስ?" አልኩሽ። "በየአምስት ሰከንዱ አለሽ ወይ ይላታል፤ ዝም ካለች እንግዳ አይልክባትም።" ኩራቴን አልቻልኩትም። ለሻይ ሻጩ ሳይቀር አወራሁለት።

በዚያ ዓመት አዩዳ ፑጃ፣ መሣሪያችንን የምናከብርበት በዓል፣ ሲደርስ እናትሽ ከሞተች አራት ወሯ ነበር። "አፓ፣ ሐዘን ላይ ነን፤ ዘንድሮ በዓል የለብንም" ብለሽኛል። መሥሪያ ቤቱም አበባ ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ እንዳይገባ ከልክሏል። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ለመሣሪያዬ አበባ ሳላስር አልፌ አላውቅም፤ ከመፍቻ እስከ ጄኔሬተር። ልጄ የምትሠራበት ባዶውን ይዋል? ቢጫ አበባ ሸሚዜ ሥር ደብቄ ገባሁ። አሥራ ሰባተኛዋ ጥግ ላይ ስለነበረች ከኋላዋ አሰርኩት፤ ማሰሪያው እንዲያልፍልኝ አንድ ገመድ ገፋ አደረግሁ። በማግስቱ አበባውን አነሣሁ። ገመዱን ልብ አላልኩትም።

ላልቶ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ወለቀ፤ የምዝገባው መጨረሻ ቀን። ወደ መዝገቡ የሚወስደው ገመድ ነበር። አሥራ ሰባተኛዋ አለሽ ወይ ስትባል አለሁ ትላለች፤ መዝገቡ ግን አይታያትም፤ ስለዚህ ለመጣው ሁሉ ባዶ ገጽ ሰጥታ ወዲያው ትሸኛለች። አስተናጋጅሽ ከሁሉ ፈጣን መሰለችውና ሕዝቡን ወደ እሷ ነዳው። ሠላሳ ዘጠኙ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ፣ እሷ ለሺህ ሰው ባዶ ገበታ ስታቀርብ ዋለች።

ቀትር ላይ ለምዝገባው ከዋዜማው ከራይቹር የመጣች ሬኑካ የምትባል ልጅ ግቢው በር ላይ ቆመች። ለነርስነት ልትመዘገብ ነው።

"አባባ፣ ስልኬ ነጭ ገጽ ነው የሚያሳየኝ። ማሽኑ እዚህ ነው ያለው አሉኝ።"

"ይስተካከላል። አገርሽ ግቢ፣ ይጠሩሻል።"

"እውነት ይጠሩኛል?"

"የዚህ ቤት ሰው ነኝ እኮ! ሂጂ ብዬሻለሁ!"

አመነችኝ፣ ሄደች። ምዝገባው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲራዘም እሷ አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ ማንም አልጠራትም፣ ሳትመዘገብ ቀረች። ከወር በኋላ አባቷ መጥቶ "ልጄን ይጠሩሻል ያላት ሰውዬ የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አንቺ በዚያው በመጨረሻው ቀን ገመዱን አግኝተሽ ወደ እኔ መጥተሽ ነበር። "አፓ፣ ከማሽኖቹ ኋላ የገባ ሰው አይተሃል?" "ማንም አልገባም" አልኩሽ። ፊት ለፊትሽ። "እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። አለሽ ወይ ብዬ ነው ያስጠየቅኳት፤ ደህና ነሽ ወይ አላስባልኩም። እማንም እንዲሁ ነበር ያደረግናት" አልሽ። እውነትሽን ነው። እናትሽ ስንጠራት አፋችንን ሳንዘጋ "አለሁ" ትላለች፤ ቶሎ ስለመለሰችልን ሌላ ሥራ እንጨምርባታለን። እኔ ግን ይህን ሰምቼም አፌን አልከፈትኩም። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ፈርመሽ ከሥራው ወጣሽ፤ ዳርዋድ ሄደሽ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ታስጠኛለሽ።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ነገር ማየት አልችልም። የግድግዳው ኖራ፣ የተዘረጋ አንሶላ፣ ይኸው ይህ ወረቀት እንኳ። ልጅቷ መጥታ ትቆማለች። አትሰድበኝም፣ አታለቅስም። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጥሪ ትጠብቃለች። ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመቷ መሆን አለበት፤ እኔ ጋ ግን አላደገችም። ውጪልኝ ብዬ ጮኼባት ሺቫና ግድግዳውን ደበደበ።

ትናንት በባቡር ማይሱሩ ሄጄ ሁሉንም ለፋሪዳ ነገርኳት። "ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አባባ?" አለችና ፊቷን አዞረች። ቆይታ ደግሞ "ያም ሆኖ ፕሮግራሙ ባዶውን ከሙሉው መለየት ነበረበት። ዛሬ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሷን ብቻ የምፈልገውም ለዚህ ነው" አለችኝ። ያልኩትን በራሴ ፊደል ጽፌ ፈርሜላት መጣሁ። ሰኞ ደግሞ ያኔ ላስፈረመሽ አለቃ ቆሜ እነግረዋለሁ። ከቢሮው ቢያባርረኝም ተናግሬ ነው የምወጣው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ለፋሪዳ ግን መልስ ስጫት። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። እምቢታው ግን ያንቺ ይሁን እንጂ የእኔ ውሸት አይሁን። ለእኔም ከጻፍሽ ክፉ ክፉውን ሁሉ ጻፊው፤ አንድም ቃል ሳልዘል አነብበዋለሁ።

ማንም ሳያስጽፈው የጻፈ፣
አባትሽ ቸነባሳፓ