ከአዳራሹ ደጅ ስለተቀመጡት ተጎጂዎች

ለተከበሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች መታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ አዳራሽዎ ደህና ትሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኛ ፓዌ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ በሕይወት መኖራችን ከሪፖርትዎ ጋር እንዳይጋጭብዎ ግን በለሆሳስ ነው የምነግርዎ።

እናቴ ወይዘሮ ዘቢደር በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የቤታቸው የድንጋይ ግድግዳ ተንዶ ታናሽ እህታቸውን ወለላን በተኛችበት አስቀራት። በሰፈራ ፓዌ ከመጡ ወዲህ እናቴም ሆኑ ያገራቸው ሰዎች ቤታቸውን በጭቃና በሣር እንጂ በድንጋይ አይሠሩም፤ የድንጋይ ቤትም አይገቡም። ለቅሶ እንኳ ደጅ ተቀምጠው ነው የሚደርሱት፤ የሚቀየማቸውም የለም። ታዲያ ኮሚቴዎ የሟቾችን ስም በሐውልት ላይ እናስቀርጻለን፣ የተረፋችሁ መጥታችሁ አስመዝግቡ ብሎ ሲጠራ፣ እናቴ ነጠላቸውን አጥበው ተነሡ። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የድንጋይ ግድግዳ የተናደባቸውን አዛውንት ከፓዌ አሶሳ ድረስ አስመጥተው የድንጋይ አዳራሽ ግቡ ስላሏቸው አመሰግናለሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት ለኮሚቴው በግልባጭ አልደረሰው ይሆናል።

2. አዛውንቱ ደጅ ማንጎው ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ ቦታው የእንግዶች መኪና ማቆሚያ ነው ተብለው ወደ ፀሐዩ ስለተዛወሩ አመሰግናለሁ። የአሶሳን ፀሐይ መኪና አይችለውም።

3. መዝጋቢዎ ለደንብ ያለው ታማኝነት ሊመሰገን ይገባል። እናቴ በመስኮት «ልጄ፣ ወለላ ብለህ ጻፍልኝ፤ ሦስት ዓመቷ ነበር» ቢሉት፣ «እማማ፣ እኔ የምመዘግበው ገብቶ ወንበር የያዘን ሰው ነው» አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ውኃ በመስኮት አቀብሏቸዋል። ስም ግን በመስኮት አልተቀበላቸውም። ሪፖርትዎም «ጥሪ ቢደረግም በሕይወት ያለ ተጎጂ አልተገኘም» ብሎ ተዘጋ። እናቴን ይዤ ወደ ፓዌ ተመለስኩ። ያን ዕለት የተሰማኝን ንዴት በጨዋ ደብዳቤ የምገልጽበት ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

4. በሐውልቱ ላይ የእርስዎ ስም አንዴ በሰብሳቢነት፣ አንዴ በክብር እንግድነት ሁለት ጊዜ መቀረጹ ድንጋዩን ባዶ ከመቅረት አድኖታል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ገና ላልተወለደ ሰው ይህ ትልቅ መታሰቢያ ነው።

ክቡርነትዎን ከመናድ፣ ከመሰንጠቅና እንደኔ ካለ ጠያቂ እንዲሰውርልን እየጸለይኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መምህር አንዷለም ሰጠኝ
ከፓዌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሪፖርትዎን ለእናቴ አነበብኩላቸው። የተረፈ ሰው ከሌለ እኔም ከሞቱት ወገን ነኝ ማለት ነው አሉ፤ አልተከራከሩም። ስለዚህ ስማቸው ከሟቾች ጋር እንዲቀረጽላቸው በትሕትና ይጠይቃሉ፤ ወለላን አጠገባቸው እንዲያደርጉላቸው ብቻ።